ሰብልዬ፣ ልጆችሽ አሁን በአውቶቡስ ነው የሚመጡት

ሰብልዬ፣ የቤቴ ድምቀት፣

እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ መልሱን ከማን እሰማለሁ? እኔ አለሁ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ትናንት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ አንቺ ብትኖሪ ኖሮ ይሄኔ የደብተር መሸፈኛ ፍለጋ ይዘሽኝ ትወጪ ነበር ብዬ አሰብኩ። ትምህርት ሊከፈት ነው። ከመከፈቱ በፊት ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ልነግርሽ ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። በልቤ ሳወራሽ ነው የከረምኩት፤ በጽሑፍ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ከቃል ይልቅ ቁጥር እንደሚቀናኝ ታውቂያለሽ። የአማርኛ መምህሯ አንቺ ነበርሽ፤ ስህተት ካገኘሽ በቀይ አስምሪበት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቤታችን የለም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ተራው ለእኛም ደረሰ። አንዳንድ ቀን ይህን ሳታዪ መሄድሽ እግዜር አስቦልሽ ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ብትኖሪ ቢያንስ አብረን እናለቅስ ነበር እላለሁ። ልጃችን ማክዳ ከሐዋሳ ለዚሁ ብላ መጥታ ዕቃውን ያሰናዳችው እሷ ናት። ልብሶችሽን አንድ በአንድ እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት እኔ ውጭ ቆሜ ከጭነት መኪናው ሹፌር ጋር ስለ መንገድ አወራ ነበር። ወደ ውስጥ መግባት አቃተኝ።

አሁን የምኖረው ገላን በኩል፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ነፋሱ ጥሩ ነው። ጎረቤቶቼ ደጋግ ሰዎች ይመስሉኛል፤ ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው፣ እኔም እንደዚያው። ማክዳ እዚያው ሐዋሳ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ድምጿ ያንቺን እየመሰለ መጥቷል፣ «ሃሎ» ስትል ልቤ ስንጥቅ ይላል።

ትምህርት ቤቱ ግን እዚያው ነው። ዙሪያው ሁሉ ተነሥቶ እሱ ብቻውን ቀረ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሎለታል፣ ዳር ዳሩን ሣርና አግዳሚ ወንበር አለው። ያምራል፣ አልዋሽሽም። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ ዓይኔ የሚፈልገው የድሮውን ነው። ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን ቅርብ ነበር፤ ካንቺ ጋር ስንሄድ ግን ይመሽብን ነበር። ይቺን ጉንጭ ትስሚያለሽ፣ ያንን ልጅ «የቤት ሥራህን ሠራህ?» ትያለሽ፣ የታመመ ካለ ጎራ ትያለሽ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ትንሽ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። «አንተ ሰው፣ ግባና ሰላም በል እንጂ! ልጆቹ እኮ የሂሳብ ቲቸር አንገቱ የማይዞር ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል» ትይኝ ነበር። አሁን ያንን መንገድ ማንም ሳያስቆመኝ እጨርሰዋለሁ። ቶሎ መድረስ እንዲህ የሚያስጠላ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ትምህርት ቤታችን ባለፈው መስከረም ሲከፈት ብታዪው አታውቂውም ነበር፣ ሰብልዬ። ከሰፈሩ ልጆች ግማሾቹ በሄዱበት ተመዘገቡ። በምትካቸው ከተዘጋ ሌላ ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች መጡ። መምህራኑም ተበተኑ፤ ካንቺ ጋር ምሳ ይበሉ ከነበሩት የቀረነው ጥቂት ነን። ድሮ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሲያጠፋ ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር መጀመሪያ የሚጠይቀው «የነማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነበር፤ ልጁም ገና ሳይቆጡት ያፍራል። አሁን የነማን ልጅ እንደሆነ ቢናገርም የሚያውቅለት የለም። አሮጌዎቹ ልጆች አዲሶቹን «መጤ» ይሏቸዋል። በእረፍት ሰዓት ግቢው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቆማል። እኛ መምህራኑም ብንሆን ከልጆቹ አንሻልም። በመምህራን ማረፊያው፣ በስታፍ፣ ሁሉም ስልኩን እያየ ምሳውን በልቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ ያንቺን ወንበር ላለማየት ክፍሌ ውስጥ ነበር የምበላው።

ከዚያ የሀያት ነገር መጣ።

ሀያትን ታስታውሻታለሽ፤ ከእኛ ቤት ኋላ ባለው ቅያስ የምትኖረው፣ እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነችው። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ግጥሟን ሰልፍ ላይ ያስነበብሻት፣ ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ከጎኗ ሄደሽ የቆምሽላት ልጅ። እነሱም ወደ ገላን ነው የሄዱት። ስምንተኛ ክፍል ስለነበረች «ሚኒስትሪን ከትምህርት ቤቴ ነው የምፈተነው» ብላ መልቀቂያ ማውጣት እምቢ አለች። አንድ ቀን የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ቦታዋ ባዶ መሆኑን አየሁ። ሳስበው ባለፈው ሳምንትም አላየኋትም።

«እዚህ የምትቀመጠው ልጅ የት ሄደች?» አልኩ።

አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። «የትኛዋ ቲቸር?»

«ሀያት ናታ።»

«እ... ሀያት ነው እንዴ ስሟ?»

ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አንድ ዴስክ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ወራት አልፈዋል። ልጅቷን አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ እቆጣታለሁ? ከኋላዋ ያሉትን ስንቱን በስም እንደማውቅ ራሴን ብጠይቅ መልሱ ያሳፍራል። አንቺ በክፍሉ ውስጥ ያለፍሽ መሰለኝና ዞር ብዬ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመርኩ። የጻፍኩትን ገና ልጆቹ አልገለበጡትም ነበር።

የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በምሳ ሰዓት ስታፍ ገባሁ። ወንበርሽ ላይ ሊዲያ የምትባል ወጣት የእንግሊዝኛ መምህርት ተቀምጣለች፤ አዲስ ናት፣ የማን ወንበር እንደሆነ አታውቅም። ቆሜ «ከስምንተኛ ሀያት የምትባል ልጅ ጠፍታለች፣ ስለሷ የሚያውቅ አለ?» አልኩ። ሊዲያ ሹካዋን አስቀመጠችና፣

«እውነቱን ልንገርዎት ቲቸር? እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ የማንንም ስም በደንብ አላውቅም። የእርስዎንም ስም ያወቅሁት የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ አይቼ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሄደን ብናያትስ?» አለች።

ሰብልዬ፣ ያንቺ ሐሳብ ነበር የመሰለኝ። ከድሮው ሰፈር ልጆች አድራሻዋን ጠይቀን፣ ከክፍል ስንወጣ አብረን ሄድን። ከካዛንቺስ በባምቢስ አድርገን ስታዲየም ወረድን፣ ተሰለፍን፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቆመን ተጓዝን። ሊዲያም ገላን እንደምትኖር ያወቅሁት ያኔ ነው። ያን ሁሉ ወራት በአንድ መስመር ስንመላለስ ኖረን አንድም ቀን ሰላም ተባብለን አናውቅም።

የሀያት እናት በሩን ስትከፍት አስታወሰችኝ። እንባዋ መጣ። «የቲቸር ሰብለ ባለቤት! ግቡ፣ ግቡ። አላህ ነፍሷን ይማር፣ እንደሷ ያለ ሰው የት ይገኛል» እያለች የምትሰፋውን ልብስ ከአልጋው ላይ አነሣችልን። ከዚያም ሰዓቷን አየችና «ሀያት ከትምህርት ቤት ገና አልገባችም፤ አሁን ትመጣለች» አለች።

ሊዲያ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። እናትየዋ ግን ሞኝ አይደለችም። ፊታችንን አየችና መቀሷን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ምነው? ልጄ ምን ሆነች?» አለች። ደግነቱ ወዲያው በሩ ተከፈተ። ሀያት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ ቆማለች። ስታየን የበሩን እጀታ ሳትለቅ እዚያው ቀረች።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነገረችን። ጠዋት ጠዋት ገና ሳይነጋ ከቤት ትወጣለች። ሰልፉ ረጅም ነው፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። ደንቡ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የመጣ ልጅ ወላጅ ይዞ ይምጣ ነው የሚለው። እናቷ ሥራ ፈትታ ያን ሁሉ መንገድ ብትሄድ የዕለት እንጀራቸው ይቀራል፤ ስለዚህ አልነገረቻትም። አንድ ቀን ተመለሰች፣ ሌላ ቀን ተመለሰች፣ ከዚያ በሩ ድረስ መሄዱንም ተወችው።

እናቷ እየጮኸች «ታዲያ የት ነበር የምትውይው? የት?» አለቻት።

ሀያት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ሰፈር» አለች።

«የምን ሰፈር? ሰፈር አለን እንዴ እኛ?»

«ቤታችን የነበረበት ጋ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ነው የምቀመጠው።»

የእናቷ ቁጣ ወደመጣበት ተመለሰ። መጥታ ልጇን አቀፈቻት። ሊዲያ መሀረብ ፈለገች። እኔ ምን እንደሆንኩ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ያንን ወንበር አውቀዋለሁ። እኔም ከክፍል ስወጣ ብዙ ቀን እዚያ አካባቢ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር፤ ወጥ ቤትሽ እዚህ ጋ ነበር፣ ልብስ የምታሰጪው እዚያ ጋ ነበር እያልኩ። ልጅቷ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት፣ የአንድ ሰፈር ሰዎች በአንድ ቦታ ተራ በተራ ብቻችንን ስናለቅስ ከረምን ማለት ነው። አንቺን ያጣሁ እኔ ብቻ፣ ሰፈሩን ያጣሁ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ነገ ከእኔ ጋር ነው የምትሄጂው» አልኳት። «ከዘገየን አብረን እንዘገያለን።»

በማግስቱ እኔ፣ ሊዲያና ሀያት አንድ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እንደፈራነውም ዘገየን። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው ጋሽ ታደሰ ትንሿን በር ለእኛ ከፈተና ልጅቷን እያየ አመነታ። «ቲቸር፣ እርስዎ ይግቡ፤ እሷን ግን...» አለ። እኔም «እንግዲያው እኔም ውጭ ነኝ» ብዬ ከልጅቷ አጠገብ ቆምኩ። ይህን ያለው ባልሽ ነው፣ ሰብልዬ፤ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የማያውቀው ሰውዬ። ሊዲያም ቆመች። ሌሎችም የዘገዩ ልጆች ነበሩ፣ በግንቡ ጥላ ተደርድረው። ስማቸውን ጠየቅኋቸው።

ርዕሰ መምህራችን አዲስ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ቢሮዋ ጠርታን «በሩን ከከፈትኩት ነገ ሁሉም ያረፍዳል፤ ምን አድርጉ ነው የምትሉኝ?» አለች።

«እኔም እኮ ሳረፍድ ነው የከረምኩት» አልኳት። «እኔን ግን ማንም ወላጅህን አምጣ አላለኝም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና እሷ ራሷ ከየት እንደምትመጣ ነገረችን፤ እንደኛው ከሩቅ፣ ከኮዬ ነው።

መላ ያመጣችው ሊዲያ ናት። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይኩን ያዘችና «ዛሬ በክፍል አይደለም የምንሰለፈው። በምትመጡበት መስመር ነው» አለች። «ገላን እዚህ! ኮዬ እዚያ! ቂርቆስና መስቀል ፍላወር በግንቡ በኩል! መምህራንም፣ ጥበቃዎችም፣ የፅዳት ሠራተኞችም እንደየመስመራችሁ!» ግቢው ተተራመሰ። ልጆቹ ሳቁ፣ ተገፋፉ፣ ቆሙ። ከዚያ ሁሉም አጠገቡ የቆመውን ማየት ጀመረ። ዩኒት ሊደሩ ጠዋት ጠዋት በዱላ የሚያስፈራራው አንድ ልጅ እሱ ከሚኖርበት ብሎክ ምድር ቤት የሚኖር ሆኖ ተገኘ። አንዱ አሮጌ ልጅ «መጤ» እያለ ሲሰድበው ከከረመው ልጅ ጋር አንድ ማቆሚያ ላይ ነው የሚሳፈሩት። የፅዳት ሠራተኛዋን እትዬ አበበችን የኮዬ ልጆች ከበቧት፤ ሳይነጋ ፌርማታው ላይ ብቻዋን ስትቆም እንደምትፈራ ስትነግራቸው «ከነገ ጀምሮ እኛ አለን» አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየፌርማታው እየተጠባበቅን ነው የምንመጣው። በየመስመሩ መምህር አለ፤ አውቶቡሱ ከዘገየ አብረን ነው የምንዘገየው፣ በሩም ይከፈትልናል። ስታዲየም ስንወርድ የቂርቆስ ልጆች ይጠብቁናል፤ እነሱ ቅርብ ስለሆኑ ቅር ብሏቸው ነበር፣ «እኛስ ምን እንሁን?» ብለው። አሁን በጣም ስንዘገይ ቀድመው ይገቡና፣ ለልጆቻችን ያለፋቸውን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ትምህርት በምሳ ሰዓት የሚያስረዱት እነሱ ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ ስምንተኞቹ ሰባተኞቹን ሂሳብ ያስጠናሉ። እኔ ቆሜ፣ አንድ እጄ ብረቱን ይዞ፣ ክፍልፋይ አስረዳለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከኋላ ሆና «መምህር፣ ይቺን ድገሟት፣ ቤት ላለው ልጄ ልነግረው ነው» ብትለኝ አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። አንቺ ብታይ ኖሮ አታምኚም።

ሁሉም ሰመረ አልልሽም። አንድ የሥራ ባልደረባችን «እኔ የተቀጠርኩት ላስተምር ነው፣ ልጅ ላመላልስ አይደለም» ብሎ ለብቻው በታክሲ ይመጣል፤ ጎበዝ መምህር ነው፣ ሰላም እላለሁ፣ አልገፋሁትም። ግንቡ ሥር ከቆሙት ልጆች አንዱ፣ ናሆም የሚባል፣ ለጥቂት ቀን አብሮን መጥቶ ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄድን። ቤተሰቡ እንደገና ለቅቋል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘንም። እስካሁን አውቶቡሱ ሲቆም ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ቀድመሽ ታውቂ ነበር፣ ልጁ ከመጥፋቱ በፊት። ይሄ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። እኛ ብዙ ሆነን፣ ተሰልፈን፣ መላ መትተን የምንሠራውን አንቺ በመንገድ ሰላምታሽ ትሠሪው ነበር።

ሀያት ሚኒስትሪን አለፈች። ውጤቷን ይዛ እየሮጠች የሄደችው መጀመሪያ ወደዚያች አጠገቧ ወደምትቀመጠው፣ ስሟን እንኳ ታውቅ ወዳልነበረችው ልጅ ነው። አሁን አንድ ላይ ካልሆኑ አይታዩም።

አሁን ወረቀቱ ሊያልቅብኝ ነው፣ የቀረኝን ልንገርሽ። ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ገላን ስንመለስ፣ አንዲት ትንሽዬ የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ከአዲሶቹ አንዷ፣ ሸሚዜን ጎተተችኝ። «ቲቸር፣ ሁሉም ሰው ቲቸር ሰብለ፣ ቲቸር ሰብለ ይላል። ማን ናቸው?» አለችኝ።

አሮጌዎቹ ልጆች ደነገጡ፤ ሊዲያ ልጅቷን በዓይኗ ልትቆጣት ሞከረች። ከሄድሽ ጀምሮ ስምሽ ሲጠራ ፊቴን እንደማዞር ሁሉም ያውቃል። ለሰው ላወራሽ አልችልም ነበር፤ ካወራሁሽ የምታልቂብኝ ይመስለኝ ነበር።

«ባለቤቴ ናት» አልኳት። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳገኝሽ እንዴት እንደተቆጣሽኝ ነገርኳቸው። የሠርጋችን ቀን ተማሪዎችሽ ከሙሽራው በፊት ካልሳምናት ብለው መኪናውን እንዳስቆሙት ነገርኳቸው። ስትዘፍኚ ዜማ እንደምትስቺ፣ ዝናብ ሲዘንብ በር ላይ ቆመሽ ማየት እንደምትወጂ፣ ታመሽ ሆስፒታል ሳለሽ እንኳ የነርሶችሽን ልጆች ስም በቃልሽ እንደያዝሽ ነገርኳቸው። ሀያት አቋረጠችኝና የማላውቀውን ነገረችኝ። ሌላውም ልጅ ተቀበላት። ለካ እኔ የማላውቃት ሰብለም ብዙ ነበረች።

«ቲቸር፣ አለፈን እኮ!» አለ አንዱ። እውነትም ፌርማታችንን አልፈን ሄደናል። በቀጣዩ ወረድንና በእግራችን ተመለስን፣ ሁላችንም፣ እያወራንሽ። ትንሿ ልጅ ከጎኔ ሆና «ከዚያስ?» ትለኛለች። «ከዚያስ ቲቸር?»

ናፍቆትሽ አልቀነሰም፣ ሰብልዬ። ይቀንሳልም ብዬ አልጠብቅም። ጠዋት ስነሣ አልጋው ያንቺ ወገን ቀዝቃዛ ነው፤ ይሄንን አውቶቡስ ሙሉ ልጅም አያሞቀውም። ግን አንድ ነገር ቃል ልግባልሽ። መስከረም ሲጠባ አንቺን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ይመጣሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሌሎች። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከስታዲየም እስከ ገላን ባለው መንገድ፣ ማን እንደነበርሽ እነግራቸዋለሁ። እኔ ባልኖር ሀያት ትነግራቸዋለች። እኔ ጋ ብቻ ተዘግተሽ አትቀሪም።

ያንቺው፣
ደረጀ